የደቻቱ ሟቾች የማንን ዕዳ ከፈሉ?

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ "ካርማ ነው"፣ ማለትም የገዛ ሥራው ተመልሶ ደረሰበት፣ ማለት ተለምዷል። ባጃጁ የተገለበጠበትም፣ ሱቁ የተቃጠለበትም "ካርማው ነው" ይባላል። አባቶቻችን "የአርባ ቀን ዕድሉ ነው" ብለው የሚዘጉትን ወሬ የዛሬ ልጆች በቡድሃ ስም ይዘጉታል። ቡድሃ ራሱ ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አልዘጋውም።

ሱባ የሚባል ወጣት "አንዱ ዕድሜው አጭር፣ ሌላው ረጅም፤ አንዱ በሽተኛ፣ ሌላው ጤነኛ፤ አንዱ ድሃ፣ ሌላው ሀብታም የሚሆነው ለምንድን ነው?" ብሎ እንደጠየቀው በፓሊ ቋንቋ የተጻፉ የጥንት የቡድሂዝም መጻሕፍት ይተርካሉ። ቡድሃም ፍጡር ሁሉ የገዛ ሥራው ወራሽ ነው አለው፤ ነፍስ ያጠፋ ዳግም ሲወለድ ዕድሜው ያጥራል፣ ለሰው የማይሰጥ ድሃ ሆኖ ይወለዳል። መጽሐፉን እዚህ ላይ የከደነ ሰው ድሃ ባየ ቁጥር "ይሄ ድሮ ስስታም ነበር" ቢል አይገርምም።

ሲቫካ የተባለ ሌላ ጠያቂ ግን "ሰው የሚደርስበት ስሜት ሁሉ ካለፈ ሥራው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አንተስ?" ሲለው ቡድሃ አልተቀበለውም። ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስ (ሦስቱም በጥንቱ የህንድ ሕክምና ሰውነት ውስጥ ያሉ የበሽታ ምንጮች ናቸው)፣ የሦስቱ መቀላቀል፣ የወቅት መለዋወጥ፣ ራስን አለመጠበቅ፣ የሌላ ሰው ጥቃት ብሎ ሰባት ምክንያት ዘረዘረ። ካርማ ስምንተኛው ነው።

የ1998ን ክረምት የሚያስታውስ የድሬ ሰው "የወቅት መለዋወጥ" የምትለዋን ሳያያት አያልፍም። ያን ሐምሌ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ወንዙን ለማያውቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ይሻገርበታል። ዛፉ ባለቀበት ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን ውሃውን የሚይዘው ነገር የለም፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ሌሊት ደግሞ ማን ያየዋል? ያን ሰሞን "የኃጢአት ዋጋ ነው" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳር ላይ የተኛው ማን ነበር? ሌላ ቦታ ቤት መከራየት ያልቻለው ነው። ኃጢአት ኪራይ እየቆጠረ ይመጣል እንዴ?

ቡድሂዝምን ላሳምር ብዬ አይደለም። ከእነዚያው መጻሕፍት አንዱ ሱፓቡድሃ የሚባል የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በሽታው የያዘው በቀድሞ ሕይወቱ አንድን ቅዱስ ስለሰደበ ነው ይላል። ይህን ከሐረር ወጣ ብሎ ቢሲዲሞ፣ ስንቱ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በታከመበት ሆስፒታል ደጃፍ ቆሞ መናገር የሚደፍር ካለ ይምጣ። የበሽታው ተህዋስ በፈረንጆች 1873 ተገኝቷል፤ በመድኃኒትም ይድናል።

ይህን በካርማ ትምህርት ውስጥ ያለ ስንጥቅ በደንብ ያየው ራሱ ቡድሂስት የሆነ ሰው ነው፤ በህንድ የዘር ተዋረድ ከሁሉ በታች ተደርገው "አይነኬ" ከሚባሉት ወገን ተወልዶ የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመራው አምቤድካር። በፈረንጆች 1956 ናግፑር ላይ ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሲሆን፣ የቀድሞ ሕይወት ካርማ የሚባለውን ትምህርት ግን አልወሰደም። ትምህርቱ መንግሥትና ማኅበረሰብ ለድሃው ኑሮ ካለባቸው ኃላፊነት እንዲያመልጡ ከማድረግ ሌላ ጥቅም አልታየውም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ከቡድሃ የምወስደው ሌላ ነው፦ "ካርማ የምለው ሐሳብን ነው፤ ሰው አስቦ ነው የሚሠራው" ብሏል። እንደዚያ ከሆነ የደቻቱ ካርማ ያለው የቤት መሥሪያ ቦታ በሚሰጠው፣ ግንብ በሚሠራው፣ ዳር ላይ ቤት በሚያከራየው እጅ ነው። ከጎርፉ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል፤ ደግ ነው። ግን የተራራው ላይኛው ክፍል ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፣ ጎርፉ የሚያርፈው ድሬዳዋ ላይ። ተራራውን ዛፍ ለማልበስ ሁለቱ አስተዳደሮች አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ለመጪው ክረምት ምን እንደተስማሙም ለወንዙ ዳር ነዋሪ ቀድመው ይንገሩት።