ማን እንደሆንን የምታውቀው ኪችን ያለችው ናት

ወገኖቼ ዛሬ የምጽፈው ቁጣ ነው፣ ቅር የሚለው ይለፈው።

ሰሞኑን እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዲት ጎረቤታችን የጆሮ ወርቅ ጠፋ ተባለ። የቤት ሰራተኛዋ ደላላ ከገጠር ያመጣት ልጅ ናት፣ እድሜሽ ስትባል አስራ ስምንት በይ ተብላ የተላከች፣ በኔ አይን አስራ አምስትም አልሞላት። ሴትዮዋ የልጅቷን ፌስታል ይዛ ወጣችና ደረጃው ላይ ዘረገፈችው። ነጠላ፣ ግማሽ ሳሙና፣ የማታ ትምህርት እጀምራለሁ ብላ የገዛችው ገና ምንም ያልተጻፈበት ደብተር። የውስጥ ልብሷን በጫማዋ ጫፍ እየገላበጠች ፈተሸችው፣ እኛ ወንዶቹ ቆመን እያየን። እሱ አልበቃ ብሏት ሹሩባሽን ፍቺ አለቻት፣ ወርቁን እዛ ውስጥ ደብቀሽው ይሆናል ብላ። ልጅቷ እዛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ፈታችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ "እትዬ በማርያም አልወሰድኩም" እያለች። ምንም አልተገኘም። ቢሆንም የሁለት ወር ደሞዟ ለወርቁ ይያዛል ተባለና ሊመሽ ሲል ከነፀጉሯ እንደተበተነች ከግቢ ወጣች።

ወሰደች አልወሰደች አላውቅም፣ ጉዳዬም አይደለም። ተጠርጥራ ከሆነ ፖሊስ አለ።

እኛስ? አንዱ በሩን ዘጋ። አንዱ "እነዚህ ልጆች አይታመኑም" አለ። አንዷ ጎረቤት "ኧረ ተይ፣ ደም ብዛትሽ ይነሳብሻል" አለች፣ ለሴትዮዋ መሆኑ ነው እንግዲህ። እኔም ቆሜ ነበር፣ አፌ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

አንጀቴን የሚያቃጥለው ሴትዮዋ ክፉ የምትባል ሰው አለመሆኗ ነው። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናት፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ ደርሳ እንጀራ የምታቀርብ፣ የታመመ ጠያቂ። በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ አሰሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ቪዲዮውን ከኛ ሁሉ ቀድማ ሼር ያደረገችው እሷ ነበረች፣ "አረመኔዎች" ብላ። የምሯን ነበር ያለቀሰችው። በ2004 ዓለም ደቻሳ የምትባል የቤት ሰራተኛ እህታችን እዛው ቆንስላ ደጅ በአንድ ሊባኖሳዊ ስትጎተት ስናይም ሁላችንም የምራችንን ነው ያለቀስነው። ታዲያ ያ የሊባኖስ ሰውዬና እኛ ልዩነታችን ምንድነው፣ እኛን በቪዲዮ የሚቀርጸን አለመኖሩ ካልሆነ በቀር?

ሉፍትና ኢንግሃም የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይኮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት ጆሃሪ የሚባል መስኮት አለ፣ የሰውን ማንነት ለአራት ይከፍለዋል። አንዱ ክፍል ሌላው ሰው የሚያየው አንተ ግን የማታየው ፀባይህ ነው። እሱን የምታውቀው የሚያይህ ሰው ሲነግርህ ነው ይላሉ። በኛ ቤት ደግሞ የምታየን የቤት ሰራተኛዋ ናት። ለእንግዳ ፈገግ ብለን በሩን ከዘጋን በኋላ ፊታችን ምን እንደሚመስል፣ ባልና ሚስት ምን እንደምንባባል፣ የተረፈውን ወጥ እንኳን ለክተን ፍሪጅ እንደምንከት፣ ሁሉንም። ገበናችን እሷ ጋ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል አድርገን ነው የያዝናት፣ ከተናገረች አፈኛ ናት፣ ዝም ካለች ተንኮለኛ ናት። ሕጉም ቢሆን አልደረሰላትም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሷን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወስነው ብሎ ወደ ጎን ነው ያደረገው። ያው አዋጅ ግን ከ15 አመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ደላላው ይሄን አያውቅም? እኛስ አናውቅም?

እናንተ ሰዎች፣ ደግ ነኝ ስትሉ ማንን ጠይቃችሁ ነው? የእድሩን ሰብሳቢ? የንስሃ አባታችሁን? እነሱ የሚያውቁት ነጠላ ለብሳችሁ ስትመጡ ነው።

አሁን ቤታችሁ ያለችውን ጠይቁ አልልም፣ ብትጠይቋትም "ጥሩ ኖት እትዬ" ነው የምትላችሁ፣ ምን ታድርግ። የወጣችውን ፈልጉ። ስልኳ ደላላው ጋ አይጠፋም። ያስቀራችሁባትን ደሞዝ ላኩና፣ ብሩ ከደረሳት በኋላ እኛ ቤት እንዴት ነበር በሏት፣ ከዛ ሳትመልሱ አዳምጡ። አብዛኞቻችሁ እንደማትደውሉ አውቃለሁ፣ ይሄንንም አንብባችሁ "እውነት ነው" ብላችሁ ነው የምታልፉት። ቢሆንም አንድ ሁለት ሰው ይደውል ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት። እኔም ከደላላው ላይ የልጅቷን ቁጥር ለመቀበል እየሞከርኩ ነው፣ ነገ እያለ ያመላልሰኛል።