ፊልሙን አይታችሁ ታሪኩን ጨረሳችሁት?

አሁንስ በዛ! «ስለ ራፕ ቡድኑ ኤን ደብሊው ኤ ማወቅ ከፈለግክ ፊልሙን እይ፣ ሁሉም እዚያ አለ» ይባላል ዛሬም። ሁሉም? ፊልሙ «ስትሬት አውታ ኮምፕተን» እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ከፕሮዲውሰሮቹ መካከል የቡድኑ አባላት አይስ ኪዩብና ዶክተር ድሬ ራሳቸው ነበሩ። አይስ ኪዩብን ሆኖ የተወነው የገዛ ልጁ ነው። ባለጉዳዩ የራሱን ታሪክ ሲያሠራ ምን ተቆርጦ ይሆን ብሎ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

ዲ ባርንስ የት አለች? ድሬ በ1991 የደበደባት የቴሌቪዥን አቅራቢ ናት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጅ ፊልም ውስጥ ለእሷ አንድ ደቂቃ ጠፋ! ድሬ ራሱ እኮ ፊልሙ በወጣ ሰሞን የጎዳቸውን ሴቶች በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ታዲያ ተመልካቹ ከእሱ ብሶ የሚሟገተው ለማን ነው?

አራቢያን ፕሪንስስ? ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ የለም። ኤም ሲ ሬን ለቡድን ጓደኛው ለኢዚ ኢ ስንት ግጥም ጽፎ፣ እዚህ ከኋላ ቆሞ የሚያጅብ ሰው ሆነ።

የዲትሮይቱን ኮንሰርት ትዕይንት ደግሞ ፊልሙ እውነቱን ለማሳየቱ እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። ፊልሙ የቡድኑን ልጆች ከአዳራሹ ውጭ ያሳስራል፣ ረብሻ ያስነሳል። በ1989 የሆነው ሌላ ነው፤ ፖሊሶች ወደ መድረኩ ሲንደረደሩ ዘፈኑ ተቋረጠ፣ ልጆቹ አመለጡ፣ ፖሊስ ያገኛቸው በኋላ ሆቴላቸው ነው።

ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ትወናውም ያስደስታል። ውደዱት! ግን የዲ ባርንስን ስም ያነሳን ሰው ሁሉ «ምቀኛ» ማለት ምን የሚሉት ነው?