«ትልቁን ግጠም» ላላችሁኝ ሁሉ

ዛሬስ ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ሰነበተ።

ከአባቴ የወረስኩት ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ይመረት የነበረው፣ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። እስከ ዛሬ አሰላ ላይ የስንዴ መሬት እየገለበጠ ያበላናል። አብሮት የመጣው ዲናሞ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ባትሪ የሚሞላው ዕቃ፣ 22 አምፔር ነበር። ዲናሞው ሲሞት ያንኑ ሥራ በሚሠራ በአዲሱ ዓይነት፣ በአልተርኔተር ልቀይረው ተነሳሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ስንት አምፔር ይበቃዋል?

የሚመልስልኝ አጣሁ! አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። «ትልቁን ውሰድ፣ አይጎዳህም» ይሉኛል። አንዱማ ጭራሽ የአይሱዙ አወጣልኝ፣ ባለ 24 ቮልት! የኔ ባለ 12 መሆኑን ሦስቴ ነግሬዋለሁ። በመጨረሻ 120 አምፔር የሚል ሸጡልኝ፤ መካኒኩም መያዣ በይዶ ገጠመው።

አልተርኔተር የሚሰጠው የተጠየቀውን ያህል ነው፣ ይህ እውነት ነው። ጉዱ የሚመጣው ባትሪው ደክሞ ያደረ ቀን ነው። ያን ጠዋት ባትሪው የተሰጠውን ሁሉ ሳበ። 100 አምፔር በ14 ቮልት ቢስብ 1,400 ዋት ነው፤ ብክነቱ ሲታሰብ ከሞተሩ ወደ 3 የፈረስ ጉልበት አልተርኔተሩን በሚያዞረው በአንዲት ቀጭን ቺንጋ (ቀበቶ) ይወሰዳል። ቺንጋው ጮኸ፣ ጥቁር ብናኙን ራዲያተሩ ላይ ረጨው። ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጢስ ወጣ። ከፍቼ ሳይ ወደ አምፔር መለኪያው የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ እንደ ሙጫ ተንጠልጥሏል። እስከ 30 ብቻ የሚቆጥር መለኪያ እኮ ነው! እዚያ ላይ 120 የሚጭን ባለሙያ ምን አስቦ ነው?

ስሌቱ የልጅ ሒሳብ ነው። የናፍጣ ሞተር ነው፣ አንዴ ከተነሳ ለራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሁለቱ የፊት መብራቶች 55፣ 55 ዋት፤ የኋላው የእርሻ መብራት 55፤ ድምሩ 165 ዋት። ለ12 ሲካፈል 14 አምፔር ገደማ። ለትንንሾቹ አምፖሎች 1፣ ባትሪ ለመሙላት 10 ብጨምር 25። መጠባበቂያ ይዤ 36 ወይም 45 አምፔር ይበቃኛል፤ ዋናውን ሽቦ ወፈር ባለ እቀይራለሁ፣ አለቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አንድም «ስንት መብራት አለህ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቺንጋው ስለሚዞርበት ጎማ፣ ስለ ፑሌጃውማ ያነሳም የለም፤ የኔ ሞተር ቢበዛ በደቂቃ 2,250 ዙር ነው፣ ለፈጣን የመኪና ሞተር የተሠራ አልተርኔተር በፑሌጃ ካልተስተካከለ በዝግታ ሳርስ የተጻፈበትን አይሰጥም።

ሰኔ ገብቷል፣ መሬቱ ረጥቧል። ወረፋ የያዙት ገበሬዎች «በሌሊትም ቢሆን እረስልን» ይሉኛል፣ እኔ መብራት የለኝም። ትራክተሩን ማታ ማታ ዳገት ላይ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቁልቁል ተንሸራቶ እንዲነሳ። ደህና ባለ 12 ቮልት፣ 36 ወይም 45 አምፔር ያላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።