ምጣድና አሚጋ በአንድ ቆጣሪ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ስለ መብራት ቢያማርር ብርቅ አይደለም። የእኔን ብሶት ለየት የሚያደርገው መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋብኝን ነገር ለሰው ለማስረዳት መቸገሬ ነው።

ኮምፒውተሬ አሚጋ 500 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ፣ 512 ኪሎባይት ሜሞሪና አንድ የፍሎፒ ማንበቢያ ብቻ ያለው። ፋይል የሚዘረዝረውም፣ የሚቀዳውም፣ የሚያጠፋውም ትእዛዝ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ስለሆነ፣ የሌላ ዲስክ ይዘት ለማየት እንኳ የሲስተሙን ዲስክ መልሰህ ክተት ይላል። የእኔ ማሽን በሚሠራበት የሲስተም ስሪት 1.3 ላይ ትእዛዞቹ በአብዛኛው ቢሲፒኤል በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ይህ ቋንቋ የሜሞሪ አድራሻን የሚቆጥረው በባይት ሳይሆን አራት አራት ባይት እያደረገ በመሆኑ፣ ከተቀረው የሲስተሙ ክፍል ጋር ለመግባባት ቁጥሩን በአራት እያበዙ መሄድ ግድ ነው። እኔ ለማሽኑ ቋንቋ እጅግ በቀረበው በአሴምብሊ እያሳጠርሁ እንደ አዲስ እጽፋቸዋለሁ። «ምን ሊረባህ?» ለምትሉኝ፣ ፋይሉ ባነሰ ቁጥር ፍሎፒው ላይ ተጽፎ የሚያልቀው ቶሎ ነው፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ሰከንድም ሰከንድ ነው።

የግቢያችን ቆጣሪ የጋራ ነው። አመሻሽ ላይ አንዷ ጎረቤት ምጣድ ስትጥድ የቴሌቪዥኑ ምስል ይኮማተራል፤ ሁለተኛዋ ስትደርብ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ አይጋገር አልልም፣ እኔም በላተኛ ነኝ፤ ነገር ግን «ልጥድ ነው» ብሎ በር ማንኳኳት ይህን ያህል ይከብዳል?

ሥራዬን ራም ዲስክ ላይ፣ ማለትም ሜሞሪው ውስጥ እንደ ዲስክ በሚያገለግል ቦታ፣ ባቆየው መብራቱ በሄደበት ቅጽበት አብሮ ይሄዳል። ፍሎፒ ላይ እየጻፍሁ ሳለ ከሄደ ደግሞ ነጻውንና የተያዘውን ቦታ የሚለየው መዝገብ ሳይታደስ ይቀርና፣ ማሽኑ ሲነሣ ዲስኩን ሊያጣራ ሲታገል ቆይቶ መዋቅሩ ተበላሽቷል፣ ዲስክዶክተርን (የዲስክ መጠገኛውን ፕሮግራም) ተጠቀም ይለኛል። በዚህ ሐኪም እጅ የገባ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከነሕመሙ የሚሻለው ነበር። ባዶ 880 ኪሎባይት የሚይዝ ፍሎፒ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዛ የምትሉኝ፣ ገዝቻለሁ። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ያቆያል ብሎ የማለልኝ ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ ጮኾ ከብሬከሩ እኩል ይወድቃል።