አብረን እናጥና ወይ?

ጥያቄው ይኼ ነው፦ የማኅበራዊ ሥራ ዕውቀትን ተመራማሪውና መሬት ላይ ያለው ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) አብረው ይፍጠሩት? እሱ ስድስት ኪሎ ያስተምራል፣ «አዎ» ይላል። እሷ ፒያሳ አካባቢ ከጎዳና ልጆች ጋር ዓመታት ሠርታለች፣ «አይሆንም» ትላለች። እኔ ተቃራኒውን ነበር የጠበቅኩት።

እሱ፦

ከራሴ ስህተት ልጀምር። መጠይቄ ላይ «በቀን ስንት ጊዜ ትመገባለህ?» የሚል ነበረ። ልጆቹ ሁለት፣ ሦስት አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሞላሁ። ኋላ አንዲት ሶሻል ወርከር ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «ቡሌውን ቆጥረውልህ ነው» አለችኝ፤ ከሆቴል የሚወጣውን ትርፍራፊ። በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያነሳው፣ ትንንሾቹ ምን ከፍለው እንደሚቀምሱት ታውቃለች። እኔ የያዝኩት ቁጥር ነው። «ቤተሰብ አለህ?» ስለውም «አዎ» ያለኝ ልጅ ነበር። «ቤተሰብ» ያለው በረንዳ ላይ አብረውት የሚያድሩትን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ከርት ሌዊን ስለ «አክሽን ሪሰርች»፣ ማለትም ከተግባር ጋር አብሮ ስለሚሄድ ምርምር፣ እንደ ፈረንጅ በ1946 ሲጽፍ መጽሐፍ ብቻ የሚያፈራ ምርምር አይበቃም ብሎ ነበር። እኛ አገር ደግሞ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ አሁንም እንደ ፈረንጅ፣ በ1959 ተከፍቶ በደርግ ጊዜ ተዘጋ። የተመለሰው እንደ ፈረንጅ በ2004 ነው፣ ያውም በማስተርስ። በመሃል ሥራው ቆመ እንዴ? ዕድሩ ሲቀብር፣ ሲያስተዛዝን፣ የሙት ልጅ ሲያይ ኖሯል። ዕውቀቱ የነበረው እዚያ ነው።

እሷ፦

ወንድሜ፣ ስህተትህን ማመንህን ወደድኩልህ። ያቺ ልጅ ግን ስሟ ጽሑፍህ ላይ አለ? ምስጋናው ገጽ ላይ ነው አይደል?

«በጋራ» የምትሉት እኛ ጋ ሲደርስ የስልክ ጥሪ ነው። «አሥር ልጆች አገናኚን።» ልጆቹ የሚመጡት እኔን አምነው ነው። አንዱ እውነተኛ ስሙን እስኪነግረኝ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። እንግዳው በአርባ ደቂቃ ታሪኩን ይዞ ሄደ። ልጁ «ያ ሰውዬ መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ ሲጠይቀኝ ከረመ። ከዚያ እሱም መምጣቱን ተወ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ቁም ነገሩም የጎዳና ልጆች እምነት ይጎድላቸዋል የሚል ነው። ለቀባሪው አረዱት!

ደግሞ የፈቃድ ፎርሙ ላይ «እምቢ ማለት ይችላል» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ገላውን የሚታጠበው እኔ ጋ ነው። ምሳ የሚበላውም እኔ ጋ። እኔ ጠይቄው እንዴት ብሎ ነው እምቢ የሚለኝ? ረዳቱም መረጃ ሰብሳቢውም እኔው ከሆንኩ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም።

እሱ፦

እህቴ፣ ስሟ ምስጋናው ላይ ነው ያለው። አፈርኩ። ግን እርስዎ የነገሩን ስለ ስልኩ ነው። ጥያቄውን ከመነሻው እርስዎ ቢያወጡትስ? ፕሮጀክት ሲዘጋ የፋይል ካቢኔቱም አብሮ ይዘጋል። እርስዎ ሥራ ሲቀይሩ የሚያውቁት ሁሉ አብሮዎት ይሄዳል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እነዚያ ልጆች የት ገቡ? የሚያውቁት እናንተ ናችሁ፤ ተጽፎ ግን አላየሁም።

እሷ፦

የፒያሳውን ባትነካብኝ። የሚያድሩባቸው በረንዳዎች ሲፈርሱ ማታ ማታ በእግራችን ስንፈልጋቸው ነበር። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው አልነበረንም። ቢኖረንም ለፍለጋ ነበር የምንልከው።

ካቢኔቱ ላይ ግን አልከራከርህም። እኔም ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሬ ሦስቱም ጋ ቁልፉን አስረክቤ ወጥቻለሁ።

እንግዲህ ጥያቄ አውጪ ካልከኝ አንድ አለኝ። ተመራማሪ ታሪኩን ከወሰደ በኋላ የማይመለሰው ለምንድን ነው? ለዚህኛው ልጆቹን አላስቸግርም። መጠይቁን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፣ ስድስት ኪሎ ድረስ እኔው አመጣዋለሁ። ትሞላልኛለህ?