55 በመቶ የተባለው ጡረታ ስንት ነው?

በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተጨመረ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ፤ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ደረሰ። ያን ሰሞን የሁሉም ሰው ወሬ «አሁን ነጋዴው ዋጋ ሊቆልል ነው» የሚል ነበር። ስጋቱ ተገቢ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ በነሐሴ 2017 ጡረታ የወጣው ሰውስ?

መልሱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። ስሌቱን ደግሞ አብዛኞቻችን 59 ዓመት እስኪሞላን ድረስ አናየውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት 30 በመቶ ያስገኛሉ። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ለመከላከያና ለፖሊስ 1.65 ነው። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ጣሪያውን ለመንካት ግን 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ብቻ ይደርስበታል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ከወዲሁ ተስፋ ይቁረጥ።

ዋናው ጉዳይ ግን «55 በመቶ የምኑ?» የሚለው ነው። የመጨረሻው ደመወዝ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ነው።

እስቲ ሦስት ሰዎች እናስብ። አንድ ቢሮ፣ አንድ የሥራ መደብ፣ ሦስቱም ልክ 30 ዓመት ያገለገሉ። ለስሌት እንዲቀለን ደመወዛቸው ከጭማሪው በፊት 10,000፣ ከጭማሪው በኋላ 16,000 ብር ነው እንበል። አንደኛው ጭማሪው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ወጣ። አማካዩ 10,000 ስለሆነ ጡረታው 5,500 ብር ይሆናል። ሁለተኛዋ አዲሱን ደመወዝ ለአንድ ዓመት በልታ ወጣች። አማካይዋ 12,000 ነው፤ 6,600 ብር ታገኛለች። ሦስተኛው በአዲሱ ደመወዝ ሦስት ዓመት ሞላው። እሱ 8,800 ብር ይዞ ይሄዳል።

በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል በየወሩ የ3,300 ብር ልዩነት አለ። የሠሩት ሥራ አንድ ነው። የለያቸው የልደት ቀናቸው ነው። ሁለተኛዋም ብትሆን 55 በመቶ ተብላ ያገኘችው ትናንት ስትቀበል ከነበረው 16,000 ብር 41 በመቶውን ብቻ ነው። ያውም በጥቅምት 2017 ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ያደረሰውን የቀደመውን ጭማሪ ሳንቆጥር። እሱን ብንጨምርበት ከሁለቱም ጭማሪዎች በፊት የወጡት ሰዎች ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው።

«ለጡረተኛውም አልፎ አልፎ ይጨመራል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይጨመራል። ግን መንግሥት ሲወስን ነው የሚጨመረው። በስንት እንደሚጨመርለት ጡረተኛው ቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዋጋው ደግሞ ውሳኔ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛ ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው ያወቀው። አሜሪካ ያሉ አረጋውያን ወገኖቻችን በሶሻል ሴኩሪቲ የሚያገኙት አበል ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በራሱ ይስተካከላል። ለ2025 የተጨመረው 2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ማንም ደጅ አልጠናም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ይህን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደነበር ይጠይቅ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። ይህ ገንዘብ ለዓመታት መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲውል ኖሯል። ሰነዱ በ2012 በጨረታ ገበያ መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ይከፍል የነበረው ወለድ 7 በመቶ ከሚከፍለው ተራ የቁጠባ ደብተር ያነሰ ነበር። የዋጋ ንረቱ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ አንርሳ። በዚያው ዓመት የወጡት የጡረታ አዋጆች፣ 1267 እና 1268፣ ፈንዱ በሌሎች ኢንቨስትመንቶችም እንዲገባ በሩን ከፍተዋል። ጥሩ ነው። ግን የት እንደገባና ስንት እንዳተረፈ በየዓመቱ ለባለመዋጮው በግልጽ ይነገረው። የራሱ ገንዘብ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለብን። እኛ የጡረታ ዋስትና ያገኘነው በ2003 በወጣው አዋጅ 715 ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪና ሠራተኛ የሚያጠራቅሙት፣ ሠራተኛው ሲወጣ በአንዴ የሚከፈለው ገንዘብ) ያለው ዕድለኛ ነበር። ጡረታው የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዛችን፣ ማለትም በቤዚኩ ነው። ትራንስፖርት፣ ቤት፣ ኃላፊነት እየተባለ የሚከፈለው አበል አይገባበትም። ስለዚህ በወር 30,000 ብር የሚያገኝ፣ ፔይሮሉ ላይ ግን ቤዚኩ 12,000 የሆነ ሰው ጡረታ ላይ የ12,000 ብር ሰው ነው። አሠሪው የሚከፍለው የ11 በመቶ መዋጮ ያንስለታል። ሠራተኛውም እጁ ላይ የሚደርሰው ከፍ ስለሚል ደስ ይለዋል። ሁለቱም ተስማምተው 60 ዓመት የሚሞላውን ሰው ይጎዱታል። ቅጥር ስትደራደሩ «በእጅ ስንት?» ብቻ አትበሉ፤ ቤዚኩን ጠይቁ።

አሁን ወደ ተለመደው ምክር ልምጣ፦ «ጡረታ አይበቃም፣ ተጨማሪ ገቢ ፍጠሩ።» ምክሩ መጥፎ አይደለም። ዕድር ይቀብራል እንጂ አያበላም። ዕቁብ ደህና ብር በአንዴ ያስጨብጣል፤ ወርሃዊ ገቢ የሚሆነው ግን ብሩ ሥራ ላይ ከዋለ ነው። ባንክ ውስጥ የተኛ ብር ከዋጋው ኋላ ይቀራል። አክሲዮን አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ለ40 ዓመት ሰው ጥሩ ጅምር ነው። 5,500 ብር ጡረታ ለሚቀበል ሰው ግን ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ቀለብ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር የሰፈር ልጆች ማስጠናት ይችላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል።

ከሁሉም አስተማማኙ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ሠርቶ ማከራየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ጡረተኛ በዚህ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ግን ለዚህ መጀመሪያ ግቢ ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖረው ምን ያከራያል? ራሱ ተከራይ የሆነውስ? «ተጨማሪ ገቢ» የሚባለው ነገር በብዛት የሚሠራው ቀድሞ ንብረት ለያዘ ሰው ነው። ለሌላው ተጨማሪ ገቢ ማለት በ65 ዓመቱ የሌሊት ጥበቃ መሆን ወይም ውጭ ካለ ልጅ የሚላክ ገንዘብ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ምክሩን 40 ዓመት ላልሞላው እንስጠው። ዛሬ 70 ዓመት ለሞላው የሚያስፈልገው አንድ የሕግ አንቀጽ ነው፦ የጡረታ አበል በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ ይስተካከል፣ ይህ እስኪሆን ደግሞ የደመወዝ ስኬል ሲሻሻል በዚያው መደብ የወጡት ጡረተኞች አበልም አብሮ ይታይ። ቀጣዩ የደመወዝ ሠንጠረዥ ሲታተም የጡረተኞቹ አምድ እዚያው ገጽ ላይ ይኑር።