ቱሊፕ የኔዘርላንድ አገር በቀል አይደለም

ወንድሜ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ስላለችው የሆላንድ ከተማ የቱሊፕ ፌስቲቫል የጻፍከው ደስ ይላል። ግን «የደች ስደተኞች ያገራቸውን አበባ ይዘው መጥተው የጀመሩት በዓል ነው» ያልከው ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚመስለው። የዱር ቱሊፕ መነሻው የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው፤ ቱርኮች በአትክልት ቦታቸው ሲያለሙት ኖረው ነው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራብ አውሮፓ የገባው። ስደተኞቹ ከተማዋን የቆረቆሩት ደግሞ በ1847 ነው (ሁሉም በፈረንጆቹ)። የአበባው ሐሳብ የመጣው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ሊዳ ሮጀርስ ከምትባል የባዮሎጂ መምህርት ነው። በዓመቱ ከተማው ሽንኩርት የሚመስለውን የቱሊፕ ኮረት 100,000 ገዝቶ አስተከለ፣ በ1929 ጸደይ አበበ። ከተማዋ ውስጥ ያለው የነፋስ ወፍጮ ግን ከኔዘርላንድ በ1964 የመጣ እውነተኛ የደች ወፍጮ ነው። ዛሬም ዱቄት ይፈጫል፣ በግንቦት ስትሄዱ ሳታዩት አትመለሱ።